«እኛ ነን እንዴ ጨለማዎቹ?»

ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ። መብራት ከጠፋ አንድ ሰዓት አልፎታል። ሻማ ትዝ የሚለን ሁልጊዜ መብራት ከጠፋ በኋላ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሻማ የለም። የስልኬም ባትሪ ሊያልቅ ነው። ልጄን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ።

የምንከራይበት ግቢ አራት በር አለው። አንዱ የእኛ ነው። በሁለተኛው ውስጥ የፕሮቴስታንት አማኝ ቤተሰብ ይኖራል፤ ልጃቸው የልጄ እኩያ ናት፣ ቀኑን ሙሉ አይለያዩም። ሦስተኛው የላጤ ቤት ነው። በአራተኛው ውስጥ ከህንድ፣ ከአንድራ ፕራዴሽ የመጣች መምህርት ከባሏ ጋር ትኖራለች። የግቢው ልጆች «ቲቸር» ነው የሚሏት። አርባ ምንጭ ለህንድ መምህራን አዲስ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተጀምሮ፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ካደገ ወዲህ ብዙ ህንዳውያን አስተምረውበታል። ከዚያም በፊት፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማረውን ህንዳዊ መምህር የሚያስታውስ አባት በየከተማው አይጠፋም።

ያን ማታ ግቢው በሙሉ ድቅድቅ ብሎ የቲቸር በረንዳ ብቻ ይበራል። ከመዳፍ የማይበልጡ የሸክላ ኩራዞች በደረጃው ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። ሰማዩ ላይ ጨረቃ የለችም። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ዝም ብላ አየችና፣

«አባዬ፣ ደመራቸው ነው?» አለችኝ።

«እንደዛ በይው። በዓላቸው ነው። ዲዋሊ ይባላል።»

«ለምንድን ነው ያበሩት?»

«ብርሃን ጨለማን ስለሚያሸንፍ።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ አላሰብኩበትም። ልጄ የቲቸርን በረንዳ አየች። ዞር ብላ የእኛን መስኮት አየች። ከዚያ የጓደኛዋን ቤት።

«እኛ ነን እንዴ ጨለማዎቹ?»

ሳቅኩ። ሳቄ ግን አልቆየም። ልጅ ነገርን የሚሰማው እንደ ሒሳብ ነው። አሸናፊ ካለ ተሸናፊ አለ። ብርሃኑ እዚያ ማዶ ከሆነ፣ እኛ ቤት ደግሞ መብራት ከሌለ፣ ተሸናፊው ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ያቺን አባባል እኔ አልፈጠርኳትም። እኔም ተቀብያት ነው። ለመስቀል ትሆናለች፣ ለገና ትሆናለች፣ ለትንሣኤ ትሆናለች፣ ስለ ዲዋሊ የሚጽፍ ሰው ሁሉም ከእሷ ነው የሚጀምረው። ውሸት አይደለችም። ችግሯ ግን «ጨለማ» በምትለው ቦታ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አትናገርም። ባዶ ወንበር ትታ ነው የምትሄደው። ትልቅ ሰው ወንበሩን «ክፋት» ወይም «ድንቁርና» በሚል ረቂቅ ቃል ሊሞላው ይችላል። ልጅ ግን ረቂቅ ቃል የለውም፤ ያለው የሚያውቀው ሰው ነው። ያን ማታ ልጄ ወንበሩ ላይ እኛን አስቀመጠች። ነገ ደግሞ ጓደኛዋን ብታስቀምጥስ? ጓደኛዋ ደመራ አትወጣም። ቤተሰቧ በእምነታቸው ምክንያት አይወጡም። ልጄ ችቦ ይዛ ስትወጣ ጓደኛዋ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ለትንሽ ልጅ የብርሃንን ትርጉም ስናስተምር ምን እያስተማርን ነው? ብርሃን እንዲወድ ነው ወይስ ጨለማ የሚሆንለትን ሰው እንዲፈልግ?

በማግስቱ ነገሩን ለቲቸር ነገርኳት። በወተት የተፈላ፣ ዝንጅብልና ሄል የበዛበት ሻይዋን እያቀረበች ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እንደሷ ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አለች።

ዲዋሊን እኔ የማውቀው አንድ በዓል፣ አንድ ታሪክ አድርጌ ነበር። ለካ አንድ መብራት ላይ ብዙ ታሪክ ነው የሚነደው። የሚውለው ጨረቃ ጨርሶ በማትታይበት ሌሊት ስለሆነ እንደ ፋሲካችን ቀኑ ከዓመት ዓመት ይንቀሳቀሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ጥቅምት ውስጥ ያርፋል። በሰሜን ህንድ የሚነገረው የራማ ታሪክ ነው። ራማ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ከሚስቱ ከሲታና ከወንድሙ ከላክሽማና ጋር ወደ አዮድያ ሲመለስ የከተማው ሰው መንገዱን በኩራዝ አበራለት ይባላል። ነጋዴው ደግሞ የሀብትና የበረከት አምላኩን ላክሽሚን ወደ ቤቱ የሚጠራበት፣ አዲስ የሒሳብ መዝገብ የሚከፍትበት ቀን ነው። ጃይኖች ማሃቪራ ከዚህ ዓለም እስራት የተፈታበትን ያስቡበታል። ሲኮች ስድስተኛው ጉሯቸው ሃርጎቢንድ ከጓሊዮር ምሽግ እስር የወጣበትን ያከብራሉ፤ በእነሱ ትውፊት ጉሩው አብረውት የታሰሩት 52 መሳፍንት ካልተፈቱ ብቻዬን አልወጣም ብሏል። ኔፓል ውስጥ በዚሁ ሰሞን ለውሻ ሳይቀር የአበባ ጉንጉን የሚያጠልቁበት ቀን አለ።

ቲቸር አገር፣ በደቡቡ፣ ከሁሉ የሚቀድመው የናራካሱራ ታሪክ ነው። ናራካሱራ ሰውንም አማልክትንም ያስጨነቀ ክፉ ንጉሥ ነበር። ክሪሽና ሊወጋው ሲሄድ ሚስቱ ሳቲያብሃማ አብራ ዘመተች። በአንዱ አነጋገር ናራካሱራን የገደለችው እሷ ናት። እዚህ ድረስ የታወቀው ድል ነው፤ ብርሃን ጨለማን አሸነፈ። ግን ናራካሱራ የምድር ልጅ ነው። ሳቲያብሃማ ደግሞ ራሷ ምድር ናት፤ ሥጋ ለብሳ የመጣች። ስለዚህ እናት ናት ልጇን የገደለችው። እሱም ሊሞት ሲል የሞቴ ቀን የለቅሶ ሳይሆን የመብራት ቀን ይሁንልኝ ብሎ ለመነ ይባላል።

ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የዚያ ሌሊት ኩራዝ በጠላት መቃብር ላይ የሚነድ የድል ችቦ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የእናት ነገር አለበት። ጨለማው ከሩቅ አልመጣም፤ ከቤት ነው የወጣው፤ ስሙን የምታውቀው፣ ያጠባችው ናት ያስቆመችው። መብራቱንም የጠየቀው ራሱ ነው።

«ይህን ለልጅ እንዴት ነው የምትነግሩት?» አልኳት።

«በልጅነቴ ማንም አልነገረኝም» አለች። «መጀመሪያ የተሰጠኝ ጥጥ ነው። አያቴ መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኝና እንዴት እንደሚጠቀለል ታሳየኛለች። ክሩ ከላላ ዘይቱን አይስብም፣ ከጠበቀ አይነድም። ታሪኩ የመጣው በኋላ ነው።»

ወደ ቤቴ ስመለስ የራሴን ታሪክ አሰብኩ። የሰው በዓል ሲመረመር የራስም ይመረመራል። ንግሥት እሌኒ መስቀሉ የተቀበረበትን ፍለጋ ወጣች፤ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ አነደደች፤ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ሰገደና ቦታውን አመለከተ። እንደዚህ ነው የተማርነው። በልጅነቴ ግን በደንብ የተነገረኝ ሌላው ክፍል ነበር፦ አይሁድ በቅናት ቆሻሻ እየጣሉበት ተራራ እስኪያክል ቀበሩት የሚለው። «አይሁድ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት እንደ ሕዝብ ስም አይደለም፤ ሰፈር ውስጥ ክፉ ሰው የሚሰደብበት ስድብ ሆኖ ነው። የእኔ ባዶ ወንበር ላይም ያኔ ሰው ተቀምጦ ነበር። አንድም አይሁዳዊ አይቼ የማላውቅ ልጅ፣ ጨለማዎቹ እነማን እንደሆኑ አውቅ ነበር።

ታሪኩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን እሱም እንደ ናራካሱራው ይገለበጣል። ለእሌኒ ቦታውን የጠቆማት ሽማግሌ ኪራኮስ በትውፊቱ መሠረት ራሱ አይሁዳዊ ነው። እሱ ባይናገር ደመራው የት ይደመር ነበር? ደግሞ የእሳቱን ሥራ ተመልከቱት። ማንንም አላቃጠለም፣ ማንንም አላሸነፈም። እሳቱ የተለኮሰው ለመጠየቅ ነው፦ የጠፋብን ነገር የት ነው? መልሱን የሰጠው ደግሞ ነበልባሉ አይደለም፣ ጢሱ ነው፤ ከፍ ብሎ የነበረው ጎንበስ ብሎ። ይህን ሁሉ ዓመት ደመራ ዙሪያ ስሄድ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ታዲያ ለልጄ ይህን ልንገራት? ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ኪራኮስና ስለ ሳቲያብሃማ ምን ታደርገዋለች? እዚህ ላይ ነው ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ያለው መንገድ ትዝ ያለኝ።

በጋሞ ደጋ ማስቃላ የዓመቱ አውራ በዓል ነው። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሸማ ሲሠራ የከረመ ሸማኔ ያጠራቀመውን ይዞ አገሩ የሚገባው ለዚህ ነው። ቅቤው ይከማቻል፣ ሰንጋው በቅርጫ ይታረዳል፣ «ዮ ማስቃላ» ይባላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ። የተጣላ ይታረቃል። ቂም ይዞ ማስቃላ መግባት ነውር ብቻ አይደለም፤ ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት፣ ያልተናዘዙት በደል ተከትሎ በሰው፣ በከብትና በእህል ላይ የሚያመጣው መዘዝም አለ። ነገሩ ዱቡሻ ላይ፣ በአደባባይ ተነግሮ መጽዳት አለበት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። እርቅ መጀመሪያ፣ እሳት በኋላ።

ከ50 ዓመት በፊት ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር ዶርዜ ላይ ተቀምጦ ወጋቸውን አጥንቶ ነበር። እንደማንኛውም ፈረንጅ ትርጉም ነው የፈለገው። ሰዎች አናታቸው ላይ ቅቤ ሲያደርጉ ያያል፣ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃል፣ «ወጉ ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተምሳሌት ባሳተመው መጽሐፉ የደረሰበት ሐሳብ ይህን የሚመስል ነው፦ ሥርዓት እንደ ቃል «ይህ ማለት ይህ ነው» ተብሎ የሚፈታ አይደለም። ሰው ድርጊቱን አስቀድሞ ይቀበላል፤ ከዚያ አእምሮው ዕድሜውን ሙሉ ዙሪያውን ሲያስታውስና ሲያስብ ይኖራል። የቲቸር አያት ጥጡን አስቀድማ የሰጠችው፣ ታሪኩ በኋላ የመጣው፣ ለካ ትክክል ነበር።

ከዚያው መጽሐፍ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ስለ ነብር የተጻፈውን ነው። ዶርዜዎች ለስፐርበር ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፣ የቤተ ክርስቲያንን ጾም ያከብራል ብለውታል። እንዲያም ሆኖ ረቡዕና ዓርብ የዶርዜ ሰው ፍየሉን ከነብር መጠበቁን አያቆምም። እዚህ ላይ ስንቱ ይስቃል። እኔ ግን አባት ሆኜ ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። ጎረምሳው ከአባቱ «ነብር ይጾማል» የሚለውን በጆሮው ይሰማል፣ ዓርብ ዕለት ፍየል ሲጠበቅ ደግሞ በዓይኑ ያያል። ሁለቱንም ይዞ ያድጋል። እኛም ልጆቻችንን «ብርሃን ለሁሉ ነው» እንላለን። ልጅ ደግሞ ያያል፦ በራችን ለማን ተከፍቶ ለማን እንደሚዘጋ፣ ማን ሲመጣ ድምፃችን ዝቅ እንደሚል፣ የበዓል ዳቦ ወደ የትኛው ቤት ተልኮ ወደ የትኛው እንደማይላክ።

ይህ የፍልስፍና ጨዋታ እንዳልሆነ አርባ ምንጭ በመስከረም 2011 አይታዋለች። በወሩ መጀመሪያ ቡራዩና አካባቢው በተፈጸመው ጥቃት ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙዎች ተፈናቀሉ፤ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ጋሞዎችና ሌሎች የደቡብ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። ቁጣው ምንም ወዳላደረጉ፣ አብረው ወደሚኖሩ ሰዎችና ወደ ንብረታቸው ሊዞር ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ የጋሞ አባቶች ወጡ። እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ምስሉን እንደማንኛውም ሰው በስልክ ነው ያየሁት። ቀን ስቆጥር ነው የደነገጥኩት። ለደመራ የቀረው ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነበር።

ያንን ምስል ደጋግሜ አስባለሁ። ብርሃን ጨለማን እንደሚያሸንፍ ከእነዚያ ወጣቶች መካከል ያልተማረ የለም፤ በየቤተ እምነቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ተምረውታል። ያን ቀን ያ ትምህርት ብቻውን ምን ይመልስላቸው ነበር? ሊያነሳሳቸውም ይችል ነበር። ወገኑ የተገደለበት ሰው «ጨለማው ማን እንደሆነ አሁን ታወቀ» ቢል ከአባባሏ ውስጥ የሚያግደው ነገር የለም። የመለሳቸው ንግግር አይደለም። ሣር ነው፣ የሽማግሌ ጉልበት ነው። ሣር የያዘን አባት ረግጦ ማለፍ እንደማይቻል በልጅነታቸው፣ ትርጉሙ ሳይነገራቸው፣ እያዩ አድገዋል። ሣር አይነድም፣ አያበራም፤ እርጥብ ነው። ያን ቀን አርባ ምንጭ ውስጥ ብርሃን የነበረው ግን እሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ለቲቸር አያት ፈረድኩ፦ ለልጅ ድርጊቱን ስጠው፣ ትርጉሙን ተወው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «ወጉ ነው» ብሎ ዝም ማለትም ንጹሕ አይደለም።

የጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪዎች ማና ይባላሉ። እንስራውንም ድስቱንም የሚሠሩት ሴቶቻቸው ናቸው። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጆን አርተር እ.ኤ.አ. በ2006 በጋሞ ሸክላ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ሙያው ያን ያህል የሚጠና ነው። ሠሪዎቹ ግን ለብዙ ዘመን ማላ ከሚባለው ወገን ጋር አይጋቡም ነበር፣ መሬት ላይ ድርሻ አልነበራቸውም፣ ዱቡሻ ላይ እንደ እኩል አይቀመጡም ነበር። ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላዎችም እንዲሁ። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ምን ነበር? «ወጉ ነው።» ይህንንም ልጆች ያለ ቃል ነው የተማሩት፦ እናት ድስቱን ስትቀበል ሠሪዋን ከደጅ ስትመልሳት እያዩ። የእህል ማብሰያው ቤት ይገባል፣ የሠራችው እጅ አይገባም።

ህንድም ከዚህ የራቀች አይደለችም። የዲዋሊን ኩራዝ የሚሠሩት ኩምሃር የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች በዘር ተዋረዱ ውስጥ ቦታቸው ከፍ ያለ አይደለም። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በዚያች ሌሊት በእነሱ እጅ ሥራ ላይ ነው ብርሃን የሚያየው። ይህን ለቲቸር ስነግራት መልስ አልሰጠችኝም። ኩራዟን አንስታ ታችዋን ገልብጣ አየች፤ የጣት አሻራ ይኖርባት ይሆናል ብላ ይሁን አላውቅም።

እንግዲህ አባባሉ ብቻውን ልጁን ጠላት ያስፈልገዋል። ዝምታው ብቻውን ደግሞ የአያቶችን ብርሃንና የአያቶችን ግፍ አንድ ላይ ጠቅልሎ ያስረክበዋል። ወላጅ ምን ይበል?

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ለሌላው ሕግ አይሆንም። ለትንሽ ልጅ የብርሃን ትርጉም የሚነገረው «ብርሃን ማንን አሸነፈ» ከሚለው ተነስቶ ሳይሆን «ይህች ብርሃን ከማን እጅ መጣች፣ ወደ ማንስ ትሄዳለች» ከሚለው ተነስቶ ነው። ይህ ለስድስት ዓመት ልጅ አይከብድም። እንዲያውም ልጅ የሚወደው ዓይነት ጥያቄ ነው። ጭቃውን ማን ጠፈጠፈው? እሷ፣ የገበያዋ ሴትዮ። ስሟን ጠይቂያት። ጥጡን ማን ፈተለው? ዶርዜ ቤት የምትፈትለው እናት ናት፤ አባት ይሸምናል። ቅቤው ከማን ላም ነው? ችቦውን ከመለኮሳችን በፊት የተቀየምነው ሰው አለ ወይ? ይህን የመጨረሻውን ለልጄ ሳቀርብላት እኔን ነው ያፋጠጠችኝ። «አንተ ከአጎቴ ጋር ታርቀሃል?» አለች። አልታረቅኩም ነበር። ልጅን ስለ ብርሃን ማስተማር እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚበራው የአስተማሪው ጓዳ ነው።

ጨለማን በተመለከተም አንድ ነገር አስተካከልኩ። ዲዋሊ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ያቺ የመዳፍ ታህል ኩራዝ የምትታየው ሌሊቱ ቦታ ስለለቀቀላት ነው። በቆሎ ከአፈር በታች በጨለማ ነው የሚያቆጠቁጠው። ልጄ ራሷ ዘጠኝ ወር የኖረችው ብርሃን በሌለበት ነው፤ ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ሳቀች። «ታዲያ አልፈራሁም?» አለች። ጨለማ ማንም አይደለም አልኳት። የሰው ስም አይደለም። መብራት ያላገኘ ቤት ጨለማ ቤት ሊባል ይችላል፤ እዚያ ውስጥ የተቀመጡት ግን ሰዎች ናቸው፣ ሻማ የሌላቸው።

አንድ ሰው «ይህ ክፋትን መሸፋፈን አይሆንም ወይ? ልጅ ክፉ ነገር በዓለም ላይ እንዳለ ማወቅ የለበትም?» ሊለኝ ይችላል። ማወቅ አለበት። ቡራዩ ላይ የሆነው ክፋት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ያንን ሳትሰማ የምታድግ የዚህች አገር ልጅ የለችም። ግን ክፋትን የማውቀው ድርጊት አድርጌ ነው፤ ሰው ያደርገዋል፣ እኔም ላደርገው እችላለሁ። ክፋት የነዚያኞቹ ቀለም ነው ብሎ የተማረ ልጅ የራሱን ክፋት ሲሠራ አያየውም፤ እጁ ላይ ችቦ ስላለ ብርሃን የያዘ ይመስለዋል። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ቲቸር በዓሉ ሲያልቅ አንዷን ኩራዝ ለልጄ ሰጠቻት። ኅዳር ላይ አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ እንደለመድነው ሻማ አልነበረንም። ኩራዟን አወጣናት። ልጄ ጥጡን መዳፏ ላይ ጠቀለለችው፤ መጀመሪያ ላላባት፣ ደገመችው። ዘይት አደረግንባት። ስትበራ ልጄ ዙሪያዋን አየችና፣ «እነሱስ?» አለች። የጓደኛዋ መስኮት ጨልሟል።

ኩራዟን በሁለት እጇ ይዛ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ግቢውን አቋረጥን። በሩን ሳንኳኳ ልቤ ትንሽ ፈራች። ኩራዟ የማን በዓል እንደሆነች ጎረቤቴ ታውቃለች። እምነቷ ጥብቅ ነው፤ «አይሆንልንም» ብትል አይፈረድባትም። ልጄ ፊት ግን ያ እንዲሆን አልፈለግኩም። በሩ ተከፈተ። እናትየው ኩራዟን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጄን አየች።

«የቲቸር ናት አይደል?» አለች።

«አዎ» አለች ልጄ። «ጥጡን ግን እኔ ነኝ የጠቀለልኩት።»

ሴትየዋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። «ተባረኪ የኔ ልጅ። ነይ ግቢ፣ እራት ልንበላ ነው» አለቻት። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እኔ በጨለማው ግቢ ውስጥ ወደ ቤቴ ተመለስኩና በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከማዶ የልጆቹ ሳቅ ይሰማኛል። ስልኬን አወጣሁ፤ ጥቂት ባትሪ ቀርቷል። ለወንድሜ ደወልኩ።